አምስተኛው ጉድጓድ

ሥራዬ መቁጠር ነው። ሕንፃ ሊሠራ የታሰበበት ቦታ ላይ መሬቱን በማሽን እንበሳለን፣ ቧንቧ እናስገባለን፣ ከዚያ ከባዱ መዶሻ አናቱ ላይ ይወርድበታል። በየጥልቀቱ ቧንቧው ሠላሳ ሴንቲ ሜትር እስኪገባ ስንት ጊዜ እንደተመታ እቆጥርና ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ። ምቱ ከበዛ መሬቱ ጠንካራ ነው፤ ካነሰ ልፍስፍስ ነው። በቃ። ሃያ ሁለት ዓመት ይህንኑ ስቆጥር ኖሬ የሥራ ጓደኞቼ "ቁጥሬ" የሚል ስም አወጡልኝ። ባለቤቴ ሳትቀር "ቁጥሬ፣ ዛሬስ ስንት ደረሰ?" እያለች ትቀልድብኛለች።

ያቺን የተረገመች ቀን ግን አልቆጠርኩም። ባለሦስት ፎቅ ትምህርት ቤት የሚሠራበት ቦታ ነበር። አምስት ጉድጓድ ታዘን አራቱን አንድም ሳላጭበረብር ጨረስኩ። አምስተኛው ታች ጥግ ላይ፣ ውሃ መውረጃው አጠገብ ነው። ዝናቡ ዶፉን ለቀቀው፣ ማሽኑ ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ፣ ጉልበቴም ይጠዘጥዘኛል። የማሽኑ ኦፕሬተር "ነገ ጠፈፍ ሲል እንመለስ" አለኝ፤ ደግ ሰው! እኔ ግን አዋቂ ነኝ አይደል? "ተወው ባክህ፣ ያው አንድ መሬት ነው" አልኩትና መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ የአራተኛውን ቁጥር ለአምስተኛው ገለበጥኩት። እዚህ አንድ ጨምሬ፣ እዚያ ሁለት ቀንሼ። እንዳይነቃብኝ መሆኑ ነው። ወይ እኔ!

የአፈር መሐንዲሷ በዕድሜ ልጄ የምትሆን ናት። በሳምንቱ ቢሮዋ ጠራችኝና ፕላኑን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችልኝ።

"ጋሼ፣ እኔን ያስፈራችኝ ይቺ የታች ጥግ ነበረች" አለችኝ። "ውሃ የጠጣ ልል አሸዋ ከሆነ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲመጣ ሾርባ ነው የሚሆነው፤ ፎቁ ይሰጥማል። የእርስዎን ቁጥር ሳይ ግን ልቤ አረፈ። የሕፃናቱን ክፍሎች እዚያው አድርገናቸዋል።"

"ጥሩ" አልኩ። አዎ፣ "ጥሩ" ነው ያልኩት። ምነው ምላሴን በቆረጠው!

ቤት ስደርስ ባለቤቴ ለጎረቤታችን "የሱ ቁጥር ከሌለ አንድ ድንጋይ አይጣልም" እያለች ታወራለች። አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ። "ምነው፣ አመመህ እንዴ?" አለችኝ። "ጉልበቴን ነው" አልኳት። ሦስት ቀን እንዲህ አንገቴን እንደደፋሁ ሰነበትኩ። በአራተኛው ቀን ጠዋት፣ የመሠረቱ ቁፋሮ ሰኞ እንደሚጀመር ስሰማ፣ እግሬ መሐንዲሷ በር ላይ አደረሰኝ።

"አምስተኛው ጉድጓድ የለም" አልኳት።

"የለም ማለት?"

"አልቆፈርኩትም። ከአራተኛው ነው የገለበጥኩት።"

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ፊቷ አመድ መሰለ። እስክሪብቶዋን አስቀምጣ "ኦፕሬተሩን ይጥሩልኝ" ብቻ አለች።

ከሰዓት በኋላ መሐንዲሷ ቆማ እያየች ጥጉን ቆፈርነው። አራት ሜትር ላይ ቧንቧውን አስገባን፤ መዶሻው ወረደ። አንድ። ሁለት። ሠላሳው ሴንቲ ሜትር አለቀ። እኔ የጻፍኩት ሃያ ስድስት ነበር! ቧንቧውን ስከፍተው ጥቁር አሸዋ ከነውሃው እጄ ላይ ፈሰሰ። እነዚያ ያላየኋቸው ሕፃናት ዓይኔ ላይ መጡብኝ። አፈርኩ፤ ኦፕሬተሩን እንኳ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

መሐንዲሷ አሸዋውን አየችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"ሌሎቹስ፣ ጋሼ?"

"አራቱ እውነት ናቸው" አልኳት። "ልጆቼ ይሙቱ!"

እውነቴን ነበር። በዕድሜዬ የገለበጥኩት ያንን አንዱን ብቻ ነው። ግን እንዳላመነችኝ ከዓይኗ ገባኝ፤ ለምንስ ብላ ታምነኛለች?

"አራቱንም እንደገና እንቆፍራለን" አለች።

እጇን ዘረጋች፤ ደብተሬን ሰጠኋት። በማግስቱ አንደኛው ጉድጓድ ጋ እሷ ስትቆጥር እኔ ቧንቧ አቀብል ነበር።