ያልተሟሸው ገንቦ

የምነግርሽ በ1973 ዓ.ም. በጋ የሆነውን ነው፤ ጥምቀት አልፎ ዐቢይ ጾም ሳይገባ።

ዛሬ ጠዋት የገዛሽውን አዲስ የሸክላ ድስት ሳሟሽልሽ የጎመን ዘሩ ሽታ ቤቱን ሞላው። አንቺ "እማዬ፣ አስነጠሰኝ" ብለሽ በር ከፈትሽ። እኔ ግን ያን በጋ አሸተትኩ። ልጅሽን አስተማሪው "ሁሉን ካልነካሁ ይላል፣ አርፎ አይቀመጥም" ብሎ እንደከሰሰው የነገርሽኝም ዛሬ ነው። እንግዲህ ስሚኝ።

ያኔ ቀጨኔ፣ ከመድኃኔ ዓለም በታች ባለው ቁልቁለት እንኖር ነበር። አባቴን አላውቀውም። እናቴ ሸክላ ትሠራለች። እኔ አምስተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ፈረቃዬ የከሰዓት ስለሆነ ጠዋት ጭቃ ሳቦካ እቆይና እጄን በድንጋይ ፈትጌ እሮጣለሁ። ጭቃው ግን ከጥፍሬ ሥር አይወጣም። ክፍል ውስጥ እጄን ከዴስኩ በታች እደብቀው ነበር።

ሳይንስ አይገባኝም ነበር። ከሰሌዳው እገለብጣለሁ፣ እሸመድዳለሁ፣ ፈተና ላይ ሁሉም ይጠፋኛል። በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ወደቅኩ። እናቴ ካርዱን ማንበብ ባትችልም ቀዩን እስክሪብቶ ለየችው። አልተቆጣችም።

"በሁለተኛውም ቀይ ከመጣ በቃ፣ ከእኔ ጋር ትሠሪያለሽ። ሁለት ቦታ ምን አደከመሽ?" አለችኝ።

ጭቃውን አልጠላውም። ትምህርት ቤቱን ማጣት ግን ፈራሁ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ለመድኃኔ ዓለም ብቻ ነገርኩት።

የሳይንስ አስተማሪያችን ከኮሌጅ ከወጣ ብዙም ያልቆየ፣ የካኪ ጃኬቱ እጅጌ ያጠረው ረጅም ወጣት ነበር። በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ስለ ትነት ሲያስተምረን እንደ ወትሮው ጽፎ አልወጣም። መጀመሪያ በቃል አስረዳን። ቀጥሎ የክፍል አለቃችን የነበረችውን ልጅ አስነሳትና የሰማችውን እንድትደግመው አደረገ፤ እሷ አንዴ የሰማችው አይጠፋትም። ሥዕል ለሚወደው ልጅ ደግሞ ጠመኔ ሰጠውና ፀሐዩንና ኩሬውን ሰሌዳው ላይ አሳለው። ከዚያ ከጤና ጣቢያ የለመነውን አልኮል በጥጥ ይዞ በየዴስኩ ዞረ። እኔ ጋ ደርሶ ቆመ።

"እጅ።"

"ጭቃ ነው ቲቸር።"

"አልኮል ጭቃ አይፈራም፤ አምጪው።"

የእጄን ጀርባ ቀባኝ። ቀዘቀዘኝ። "እፍ በይበት" አለኝ። ይበልጥ ቀዘቀዘኝ። ሳላስበው "እንደ ገንቦአችን!" አልኩ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሱ አልሳቀም።

"ገንቦአችሁ ምን ይሆናል?"

"ያልበዋል። ነፋስ ላይ ስናስቀምጠው ውሃው ይቀዘቅዛል።"

ጥጡን ዴስኬ ላይ አስቀመጠ። "አንዳንዱ በጆሮው ይማራል፣ አንዳንዱ በዓይኑ። አንቺ በእጅሽ ነው። ታዲያ ለምን ትደብቂዋለሽ?"

በሳምንቱ ጠራኝ። ዳይሬክተሩን ለምኖልኝ ኖሯል። "ሐሙስ ገንቦ አምጪ። ውሃው ከጣሳ ውሃ ይልቅ እንደሚቀዘቅዝ አሳይተሽ ምክንያቱን ካስረዳሽ፣ እንደ ፈተና ይያዝልሻል። ካልሆነ እንደ ሁሉም በወረቀት ብቻ ነው" አለኝ። በወረቀት ብቻ ማለት ለእኔ ቀይ እስክሪብቶ ማለት ነበር።

እናቴ ይህን ስትሰማ ሸክላ ከደረደረችበት መደብ ላይ አንገቱ የቀጠነውን፣ ካወጣቻቸው ሁሉ የሚያምረውን ገንቦ መረጠች። ረቡዕ እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ ምን እንዳደረገች አላየሁም። ሐሙስ ዕለት በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ አሸከመችኝ። ቤታችን ሁልጊዜ ጭስ ጭስ ስለሚል ሽታውንም አልለየሁትም።

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሲጀመር ጣሳውንና ገንቦውን ከአንድ ቧንቧ ሞላን። የእንጦጦ ነፋስ በሚገባበት መስኮት ላይ አስቀመጥናቸው። በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ዳይሬክተሩ መጡ። ሁላችንም ብድግ አልን። ጣታቸውን ጣሳው ውስጥ፣ ከዚያ ገንቦው ውስጥ ነከሩ።

"ጓድ መምህር፣ ሁለቱም ያው ናቸው።"

ቲቸር ራሱ ነከረ። ፊቱ ተለወጠ። የክፍል አለቃችን ከኋላ "ጭቃውም እንደ ባለቤቱ ደደብ ነው!" ስትል ሁሉም ሳቁ። ዳይሬክተሩ ወደ በሩ ዞሩ።

እኔ ወደ ገንቦው ሄድኩ። ሆዱን ዳበስኩት። ደርቋል፤ እንደ ታሸ ቆዳ ያንሸራትታል። ጠጋ ብዬ አሸተትኩት። ጎመን ዘር!

"ቲቸር፣ ተሟሽቷል!"

እናቴ ሸክላ ስትሸጥ አታሟሽም። ማሟሸት የገዢ ሥራ ነው። ለልጇ አስተማሪ የሚያፈስ ዕቃ መላክ ግን ነውር ሆኖባት፣ ገንቦውን እሳት ላይ አግላ፣ የተወቀጠ ጎመን ዘር ውስጡንም ውጭውንም ቀብታዋለች። ከአክብሮት ነው።

ዳይሬክተሩ ቆሙ። "ቢሟሽስ?"

"ቀዳዳው ተደፍኗል ጓድ ዳይሬክተር። አዲስ ገንቦ በዓይን የማይታይ ቀዳዳ አለው። ውሃው በዚያ ሾልኮ ላይ ላዩን ያረጥበዋል። ነፋሱ እርጥበቱን ሲወስድ ሙቀቱንም አብሮ ይወስደዋል። ላቡ ካልወጣ ሙቀቱን ማን ይዞት ይውጣ?"

እንዲያ ብዙ ቃል ክፍል ውስጥ ተናግሬ አላውቅም። እጄ ገንቦው ላይ ነበር፤ ሁሉም እያዩት። መደበቁን ረስቼዋለሁ።

ዳይሬክተሩ ጣታቸውን በመሐረብ ጠረጉ። "ንግግሩ ጥሩ ነው። ነገ ጠዋት ያልተሟሸ ይዘሽ ነይ። ከቀዘቀዘ ማርኩን እኔ ራሴ እፈርምበታለሁ" ብለው ወጡ። ቲቸር ጣሳውን ሲያነሳ ግማሹን ውሃ ጫማው ላይ ደፋው። እሱም ፈርቶ ኖሯል።

ቤት ስደርስ እናቴ ደጃፍ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች።

"አፈሰሰ እንዴ?"

"ጠብ አላለም እማዬ።"

"ተመስገን!" ፊቷ በራ። ከዚያ ወዲያ መናገሩ ከበደኝ። ግን ነገርኳት። እጇን እያገላበጠች አየችው።

"እኔው ነኛ ያበላሸሁብሽ።"

"አላበላሸሽም። ባታሟሺው ኖሮ አፌ መች ይከፈት ነበር?"

"እና ነገ የሚያፈስ ገንቦ ተሸክመሽ በዚህ ሁሉ የሸክላ ባለሙያ ደጅ ልታልፊ? የማን እጅ ነው ቢሉሽስ?"

ጨርቁን አጥፌ ሰጠኋት።

ቲቸር በዚያው ዓመት መጨረሻ ወደ ክፍለ ሀገር ተዛወረ። ክረምት ስለነበር አልተሰናበትኩትም፤ የት እንደደረሰም አላወቅኩም። እኔ የጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ ውስጥ ስንት ዓመት እንደሠራሁ አንቺው ታውቂያለሽ። በአልኮል የራሰ ጥጥ ባነሳሁ ቁጥር ስሙን እጠራለሁ፤ በጸሎቴም ዘልዬው አላውቅም። ልጅሽን ተይው፣ ይንካ።

የዚያ ሐሙስ ማግስት፣ ዓርብ፣ በመድኃኔ ዓለም ደወል ነቃሁ። እናቴ ቀድማኝ ተነሥታለች። ከመደቡ ላይ ያልተሟሸ ገንቦ አውርዳ ውሃ ሞልታዋለች። ጀርባዬ ላይ አድርጋ በገመድ አጥብቃ አሰረችልኝ፤ ገመዱን ሁለት ጊዜ ሳብ አድርጋ ሞከረችው። አማተብኩና ወጣሁ።

ዳገቱን ሳጋምስ አንዲት ሸክላ ሠሪ ጎረቤታችን ከደጃፏ ጮኸችብኝ።

"አንቺ ልጅ! ገንቦሽ ረጥቧል እኮ! የማን ሥራ ነው?"

ቀሚሴ በገንቦው ላብ ከትከሻዬ እስከ ወገቤ ርሶ ነበር። ነፋሱ ሲነካው ብርዱ አጥንቴ ድረስ ገባ።

"የእማዬ ነው!" አልኳት፣ እናቴም እንድትሰማ ጮክ ብዬ። እየተንቀጠቀጥኩ፣ እየሳቅኩ ዳገቱን ጨረስኩት።