የወዳጆ ምዕራፍና የጥሩሸዋ ጣራ

ጥሩሸዋን በዕድሜዋ ያማረሯት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንዱ የሚያፈስ ጣራ፣ ሌላው ባሏ ወዳጆ የሚያነበው መጽሐፍ። ጣራውስ ክረምት ክረምት ነው። መጽሐፉ ግን በጋም ክረምትም አያርፍም።

ወዳጆ መሐል ሜዳ ከተማ፣ ትምህርት ቤት ዘበኛ ሆኖ ሦስት ዓመት ሲቆይ፣ ፀጉሩ ከሸበተ በኋላ ፊደል ቆጠረ። አገሩ ሲገባ አንድ አስተማሪ በአማርኛ የታተመ አዲስ ኪዳን ሰጠው። ከዚያ ወዲህ ጎሕ ሲቀድ ምድጃው ዳር ይቀመጥና በቀን አንድ ምዕራፍ፣ አንድ ብቻ፣ ጣቱን እያስኬደ ያነባል። ያነበበውን የዚያኑ ዕለት ካልፈጸመ ደግሞ እህል አይቀምስም። ጣጣው እዚህ ላይ ነው።

ቀኝ ጉንጭህን ለሚመታህ ሁለተኛውን አዙርለት የሚለውን ባነበበ ቀን፣ የጎረቤታቸው የገሠሠ በሬ ገብሱ ውስጥ ቆሞ ሲግጥ አገኘው። አላባረረውም። ሄዶ የገሠሠን ሁለተኛ በሬ ከበረቱ ፈታና ጨመረለት።

«ምን እያደረግህ ነው፣ አንተ ሰው?»

«ሁለተኛውን ጉንጭ እያዞርኩ።»

«ጉንጩ ያንተ፣ ገብሱ የኔ!» ብላ ጮኸች ጥሩሸዋ። ማን ሰምቷት!

ገሠሠም ቂል አይደለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት በደጃቸው ሲያልፍ፣ «አያ ወዳጆ፣ ዛሬ ምን ተነበበ?» ማለት ለመደ። እንደ ምዕራፉ አንድ ቀን መጥረቢያ፣ አንድ ቀን ጣሳ ሙሉ ጨው ይዞ ይሄዳል።

እንዲህ እንዲህ እያለ መጽሐፉ አንዴ አለቀና ሁለተኛው ዙር ተጀመረ። በሃምሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ ሚያዝያ ላይ፣ ጓሳ ሊከፈት ነው ተባለ።

ጓሳ ማንም እንዳሻው የሚገባበት ሜዳ አይደለም። ዓመታት ተዘግቶ ይከርምና ሣሩ ሲደርስ አለቃው ለሦስት ቀን ይፈቅዳል። ባለ ድርሻው ስሙ ሲጠራ «አቤት» ብሎ ይገባል፣ ለቤት ክዳን የሚሆነውን ያጭዳል። ሚስት በባሏ ስም አቤት አትልም። ሦስቱ ቀን ያመለጠው ደግሞ ሌላ አራት ዓመት ሰማይ ሰማይ ሲያይ ይኑር።

ጥሩሸዋ ይህን ቀን ስትጠብቅ ነው የከረመችው። ልጇ አሰጋሽ የመጀመሪያዋን ልትወልድ በግንቦት እናቷ ቤት ትመጣለች፤ ደንቡ ነው። ከመደቡ በላይ ያለው ክዳን ግን በስብሶ ኮከብ ያስቆጥራል። አራስ ከነሕፃኗ የት ትተኛ?

በመጀመሪያው ቀን አህያውን አሰናድታ ስትገባ፣ ወዳጆ የመጀመሪያውን ወንጌል ስድስተኛ ምዕራፍ ይዞ ተደላድሏል።

«ተነሣ እንጂ! አገሩ ሁሉ እኮ ወጣ!»

«ስሚ፣ ጥሩሸዋ። የሜዳውን ሣር እንዲያ አድርጎ የሚያለብስ አምላክ፣ እኛንማ እንዴት ይረሳል? ለነገ አትጨነቁ ይላል።»

«ሣሩን ማን አለበሰው መች አልኩህ? ሣሩ ቤቱን ያልብሰው ነው የምልህ!»

«ዛሬ ከተጨነቅሁ ቃሉን አፈረስሁ ማለት ነው።»

ገሠሠ በበሩ ብቅ አለ። «አያ ወዳጆ፣ ዛሬ ምን ተነበበ?»

«አትጨነቁ።»

«እሰይ! እንግዲያ ማጭድህ ሥራ ፈታ። የኔ ዶልዱሟል፣ እስቲ ወዲህ በለው።»

ማጭዱም ሄደ።

ጥሩሸዋ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ንስሐ አባታቸው ወደ ቄስ ኪዳነ ወልድ ከነፈች።

«አባቴ፣ ባሌን ወይ ይምከሩልኝ ወይ ያፋቱኝ።»

«ምን ሆነ? መጠጣት ጀመረ?»

«ቢጠጣማ ሰክሮ ይተኛልኝ ነበር። ያነባል እንጂ!»

ቄሱ ሳቃቸው መጣባቸው። ነገሩን ሰምተው ሲያበቁ፣ «ሪህ እግሬን ባይዘኝ ራሴ እመጣ ነበር» አሉ። «ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ፣ ለቤተ ሰቡ የማያስብ ሃይማኖቱን የካደ ነው ብሏል። አምስተኛው ምዕራፍ ላይ ነው፣ እሱን አንብብ በይው። ይህንንም ያዥ።» የራሳቸውን ማጭድ ከግድግዳው አወረዱላት። «ቃሉ ካልቆረጠለት ይህ ይቆርጣል።»

ወዳጆ ጢሞቴዎስ ሲባል ፊቱ በራ። «አውቀዋለሁ! የካቲት ላይ አንብቤዋለሁ።»

ጥሩሸዋ ትዝ አላት። በየካቲት አንድ ቀን ወዳጆ እንጨት ፈለጠ፣ አጥር አጠረ፣ ውኃ ሳይቀር ቀዳ። ታሟል ብላ ደንግጣ ጠበል ልትወስደው ነበር። ለካ ጢሞቴዎስ ኖሯል!

«እንግዲያ አሁንም አንብበዋ!»

«ተራው መቼ ደረሰ? ቃል እንደ ፍየል ከቋጥኝ ቋጥኝ አይዘለልም።» በጣቱ ቆጠረ። «ጥቅምት ላይ እንደርሳለን።»

«ጥቅምት! ክረምቱ አልቆ፣ እኛም አልቀን!»

በማግስቱ ተራው የሰባተኛው ምዕራፍ ነበር። ጥሩሸዋ ሥራዋን ጥላ አጠገቡ ተቀመጠች፣ ምናልባት የሚረዳኝ ቃል ይመጣ ይሆናል ብላ። መጣም። ዝናብ ወረደ፣ ጎርፍ መጣ፣ ነፋስ ቤቱን ገፋው ሲል ልቧ ዘለለ። ወዳጆ መጽሐፉን ዘግቶ ብድግ ብሎ ወጣ። ተመስገን ብላ ማጭዱን ይዛ ተከተለችው።

እሱ ቤቱን እየዞረ የግድግዳውን ሥር በእግሩ ይመታል።

«አለት ላይ ነው» አላት ደስ ብሎት። «አይወድቅም።»

«ጣራውስ?»

«ስለ መሠረት ነው የተናገረው። ስለ ጣራ ምንም አላለም።»

ጥሩሸዋ ማጭዱን ይዛ ተመለሰች።

ወደ ማታ ገሠሠ አህያውን ሣር በሣር አድርጎ እያንጎራጎረ መጣ። «እቴ ጥሩሸዋ፣ የአያ ወዳጆ ስም ሁለት ቀን ተጠራ፣ አቤት የሚል የለም። ነገ ማታ ይዘጋል እኮ።»

«አንተ ማጭዴን ይዘህ ነው የምትመክረኝ? ለመሆኑ ምን እያልከው ነው የለመንከውን ሁሉ የሚሰጥህ?»

«ምን እላለሁ? ያው እንዳልሽው እለምነዋለሁ። አንቺ ትጮኺበታለሽ። ለሚለምንህ ስጥ ሲል ሰምቻለሁ፣ ለሚጮህብህ ስጥ ሲል ግን አልሰማሁም።» እየሳቀ አለፈ።

ነገሩ ሆዷ ገባ። መለመን! እናቷ በክፉ ቀን እንኳ ቅጠል ቀቀለች እንጂ የሰው ደጅ አልቆመችም። ያውም በገዛ ቤቷ! ግን ሌላ ምን ቀራት?

በሦስተኛው ቀን፣ ወዳጆ ስምንተኛውን ምዕራፍ ሳይገልጥ፣ ጥሩሸዋ ቀድማ ወጣች። በሩን ከውጭ ዘጋችው፣ ነጠላዋን ተከናነበች፣ አንኳኳች።

«በእንተ ስማ ለማርያም! ስለ እግዚአብሔር!»

የመንደሩ ውሻ ሁሉ ጮኸ። ከውስጥ፣ «ማነው?» አለ ወዳጆ።

«ለማኝ ነኝ።»

«ጥሩሸዋ? አንቺ ነሽ እንዴ?»

«ለሚለምንህ ስጥ ነው እንጂ ስሙን ጠይቅ ይላል? የትናንቱስ ምዕራፍ ለምኑ ይሰጣችኋል አላለም?»

ኮቴው ወደ በሩ ቀረበ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «ምን ልስጥሽ?»

«ጣራ።» በንዴት የጀመረችው ልመና የምር ሆነባት። «መጠለያ የሌላት ነፍሰ ጡር አለችኝ። የአንድ ቀን ጉልበት መጽውተኝ፣ ስለ ማርያም።»

በሩ ተከፈተ። ወዳጆ እሷንም በእጇ ያለውን ማጭድም አየና፣ «ታዲያ እስከ ዛሬ መቼ ለመንሽኝ?» አላት።

ሃያ ሁለት ዓመት በትዳር! ጥሩሸዋ ምላሷን ነክሳ ማጭዱን ሰጠችው።

ጓሳ ሲደርሱ ስሙ ለመጨረሻ ጊዜ ተጠራ፣ «አቤት» አለ። ደህና ደህናው ሣር ታጭዶ አልቆ፣ ቋጥኝ ለቋጥኝ የበቀለው ቀርቷል። እስኪመሽ አጨዱት። ቢበዛ ለጣራው እኩሌታ ቢበቃ ነው።

ሲመለሱ ወዳጆ ከሸክሙ ሥር፣ «አየሽ? አትጨነቂ ብዬሽ አልነበረም?» አላት።

ጥሩሸዋ ሸክሟን አላወረደችም። ብታወርደው አናቱ ላይ ነበር።

የሚከደነውን ወገን የመረጠች ግን እሷ ናት። አሰጋሽ በሰኔ መግቢያ ወንድ ልጅ ወለደች፣ እናትና ልጅ አንድ ጠብታ ሳይነካቸው ከረሙ። ያፈሰሰው በምድጃው ወገን፣ ወዳጆ በሚያነብበት ቦታ ላይ ነው። እሱም ክረምቱን ሙሉ ገበታ አናቱ ላይ ደፍቶ፣ መጽሐፉን በጋቢው ሸፍኖ ሲያነብ፣

«ጥሩሸዋ፣ ኧረ ለዚህ ጣራ አንድ ነገር እናድርግ» ይላታል።

«አትጨነቅ» ትለዋለች። «ጥቅምት ላይ እንደርሳለን።»