የሻገተ መኖ በፌስታል ይዤ ወደ ያቭነ

አርብ ጠዋት፣ ቂርያት ማላኪ

በ2018 የእስራኤል ክረምት አንድ አርብ፣ እፍኝ የበግ መኖ በፌስታል ቋጥሬ ከቤት ወጣሁ። አባቴ ከፋብሪካ ጡረታ ከወጣ በኋላ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ የገበሬዎች መንደር በረት ተከራይቶ ጠቦቶች ያሳድጋል። የሚያበላቸው ታሕሚጽ ነው፤ እርጥብ ስንዴ ከነአገዳው ተከትፎና ታምቆ፣ አየር እንዳይገባው በላስቲክ ተሸፍኖ የሚብላላ መኖ። ሲወፍሩበት ከርመው በዚያ ሳምንት አንዱ ሞተ። ሐሙስ ደግሞ ሌላው አንገቱን አጣሞ ባንድ ቦታ ይዞር ጀመር።

"ብርድ መትቶት ነው" አለ አባቴ።

"አባ፣ ብርድ እንዲህ ያዞራል እንዴ?"

"አንተ መጋዘንህን ጠብቅ!"

እኔ እዚያው አቅራቢያ ቤኤር ቱቪያ ባለ መጋዘን ውስጥ ነው የምሠራው፤ የበግ ነገር አላውቅም። ግን እናቴ ከሞተች ወዲህ አባቴን ከአልጋው የሚያስነሱት እነዚህ ጠቦቶች ናቸው። ቢያልቁበትስ? እያልኩ መቀመጥ ስላቃተኝ፣ መኖውን ገደራ ላለች የእንስሳት ሐኪም ላሳይ ተነሣሁ።

ገደራ

አውቶቡሱ ለሰንበት ወደየቤታቸው በሚገቡ ወታደሮች ጢም ብሏል። አጠገቤ የነበረችው ወታደር የፌስታሉ ሽታ ቢያስቸግራት ተነሥታ ሄደች። ዝናቡ አባርቶ የብርቱካኑ እርሻ ያብረቀርቃል፤ እኔ ግን ዓይኔ ሰዓት ላይ ነው። አርብ ማታ ሰንበት ስለሚገባ ከቀትር በኋላ አውቶቡስ አይገኝም። ገደራ ስወርድ ቡሬካስ የሚሉትን አይብ የተሞላ ቂጣ ገዛሁ፤ አንዴ ገምጬ ኪሴ ከተትኩት።

የእንስሳት ሐኪሟ መኖውን አሸተተች፤ በስልኬ የቀረጽኩትን ጠቦትም አየች።

"ዝናብ ገብቶበታል" አለች በዕብራይስጥ። "ከተበላሸ ታሕሚጽ የሚመጣ ጀርም ነው፤ አንጎል ይነካል። ዛሬውኑ ሄጄ መርፌ እወጋዋለሁ፤ ይድናል ብዬ ግን ቃል አልገባም። ሰውም ስለሚይዝ እጃችሁን ታጠቡ።"

"ታሕሚጽ እንተው ማለት ነው?"

"የተበላሸውን ተዉ።"

ወዲያው ለአባቴ ደውዬ መኖውን እንዳያበላቸው ነገርኩት።

"ታዲያ ሰንበትን ጦማቸውን ይዋሉ?" ብሎ ጮኸብኝ።

መኖ ፍለጋ የያቭነን አውቶቡስ ሮጬ ያዝኩ።

ያቭነ

አያ ዘውዱ የአባቴ የአገር ልጅ ነው፤ ከያቭነ ዳር በጎች ያረባል። የሱ የታሕሚጽ ክምር ላስቲክ ለብሶ፣ አሮጌ ጎማ ተጭኖበት፣ ክፍት ጎኑ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ተቆርጧል። ሽታው ኮምጠጥ ያለ ነው፤ የኔ ፌስታል ግን ይከረፋል።

"የዕለቱን ብቻ እቆርጣለሁ" አለኝ። "የሻገተ ካየሁ እጥላለሁ፤ የተረፋቸውንም ከገንዳው እጠርጋለሁ። ደሞ ጠቦት እያደገ ነው፤ ታሕሚጽ ብቻውን አይበቃውም። ድርቆሽና ፋጉሎ ይጨመርለታል።"

"ለአባቴ ለምን አልነገሩትም?"

"እንዴት አልነግረው! 'አንተ ነህ በግ የምታስተምረኝ?' ብሎ ተቆጣኝ። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገርንም።" ወደ መኪናው ሄደ። "ያላ፣ ቶሎ በል፤ ሰንበት ሳይገባ ድርቆሹን እንጫን።"

መንገዱን ሁሉ አባቴ ምን ይለው ይሆን እያልኩ ተቁነጠነጥኩ።

ወደ በረቱ

ስንደርስ ሐኪሟ ወግታው ሄዳለች። አባቴ የታመመውን ጠቦት ራስ ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ዘውዱን ሲያይ ፊቱን አዞረ። አያ ዘውዱ ሰላም ብሎ መልስ ሲያጣ፣ መንሹን አነሣና የሻገተውን ከክምሩ እየዛቀ ይጥል ጀመር።

"ያን ጎን ተወው፤ ደህና ነው" አለ አባቴ።

"ና እየው።"

አባቴ የጠቦቱን ራስ ቀስ ብሎ መሬት ላይ አሳርፎ ተነሣ። ከዚያኛው ጎን ጨብጦ አሸተተ። እጁ ላይ ነጭ ሻጋታ ቀረ። "በገዛ እጄ ነው ያበላኋቸው" አለ።

"እኔም ያቭነ ስገባ በዚሁ ምክንያት ጠቦቶች ቀብሬያለሁ" አለው ዘውዱ።

የታመመው ጠቦት ቅዳሜ ሞተ። ሌሎቹ ተረፉ።

አባቴን ግትር ነው ስል ኖሬ ነበር። ያን አርብ እንዳየሁት ግን፣ ከአገር ቤት ጀምሮ በሚያውቀው ሥራ ሰው መጠየቅ ፈርቶ ነው። እሑድ ከሥራ ወጥቼ በረቱ ስደርስ፣ አባቴ ፋጉሎ ያለበት ባልዲ ፊት ቆሞ ስልክ ይዟል።

"ዘውዱ" አለ፤ "ለጠቦት ስንት ስንት ነው የምታቀላቅለው?"