ጨረቃን የሚከተል ማቆሚያ

ሮቤ ውስጥ ዲሽ ስሰቅል ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ጣራ ላይ እወጣለሁ፤ ሳህኑን ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ትንሽ ወደ ላይ አደርገዋለሁ፤ ምልክቱ ሲመጣ ቡሎኑን አጠብቄ እወርዳለሁ። ሳተላይቷ የትም አትሄድም። ስለዚህ ቴሌስኮፕ ልገዛ ስነሳ ከሰማይ ጋር የቆየ ትውውቅ ያለኝ መስሎኝ ነበር። አዲስ አበባ ያለው ሻጭ በስልክ «የትኛውን ማቆሚያ ትፈልጋለህ?» ሲለኝ፣ ሦስት እግርና አንድ ቡሎን ካለው ምን ምርጫ ያስፈልገዋል አልኩት። ሰውዬው ሳቀብኝ።

ቴሌስኮፑን የፈለግሁት ለአባቴ ነው። አባቴ በወጣትነታቸው ከስልጤ አገር መጥተው እዚህ ጨርቅ ሲነግዱ ያረጁ ሰው ናቸው። ረመዳን ሊገባ ሲል፣ ጀምበር ስትጠልቅ፣ ከከተማው ወጣ ብላ ካለች ጉብታ ላይ ቆመው አዲስ ጨረቃ ይፈልጋሉ። የጾሙ መግቢያ ዞሮ ዞሮ የሚነገረው ከአዲስ አበባ ነው፤ የሰፈራችን ሰው ግን ከቴሌቪዥኑ በፊት የእሳቸውን አፍ ይጠብቅ ነበር። «ሐጂ አይተዋል» ከተባለ በቃ፣ አለቀ።

አምና «አየሁ» አሉ። አብረዋቸው ከወጡት ማንም አላየም፤ ማታ ደግሞ ጾሙ ከነገ ወዲያ ነው ተብሎ ተነገረ። አባቴ «ያየ ሰው ይጾማል» ብለው ማግስቱን ብቻቸውን ጾሙ። ከዚያ በኋላ ገበያው መቀለጃ አደረጋቸው። እህል የሚነግድ አንድ የቆየ ወዳጅ አላቸው፤ ካልቀለደ ምሳው የማይፈጭለት ሰው ነው። በሱቃችን ደጅ ባለፈ ቁጥር «ሐጂ ኬኛ፣ ጂኢ ኤሳ ጂራ?» ይላቸዋል፤ የኛ ሐጂ፣ ጨረቃዋ የት አለች ማለቱ ነው። ሌላውም ከእሱ ተቀበለ። አባቴ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ብለው ጨርቃቸውን ማጠፍ ይቀጥላሉ። ምላስ አጥንት የለውም፣ አጥንት ይሰብራል የሚባለውን ያኔ በዓይኔ አየሁ። ድሮ ለእርቅም ለጋብቻም መጀመሪያ የሚጠሩት እሳቸው ነበሩ፤ በዚያ ዓመት ጠሪው ቀነሰ። በዚህ ከተማ ያፈሩት ትልቁ ሀብት ቃላቸው ነበር፤ እሱንም በቀልድ ወሰዱባቸው። እኔ ተቃጠልኩ።

ሻጩ ስቆ ከጨረሰ በኋላ አስረዳኝ። ጨረቃ እንደ ሳተላይቴ አትቆምም፤ ቴሌስኮፕ ውስጥ ስትታይ ደግሞ ሩጫዋ ይብሳል። አንደኛው ዓይነት ማቆሚያ በእጅ ብቻ የሚሠራ ነው፤ ሁለት ማዞሪያ አለው፣ እያዞሩ መከተል ነው። ሁለተኛው በሞተር ራሱ ይከተላል፤ ግን መጀመሪያ ሁለት ኮከብ አሳይተውት ያለበትን ቦታ ማወቅ አለበት፤ በእጅ ከገፉት ደግሞ መንገዱ ይጠፋበታል። «እናንተ የምትፈልጓት ገና ሳይጨልም ነው» አለኝ፤ «ኮከብ ከየት ታመጣለህ?» ሦስተኛው ሁለቱንም የያዘ ነው። እግሩን በውሃ ልክ አስተካክለህ፣ ቱቦውን ወደ ሰሜን አዙረህ ታበራዋለህ። ከዚያ በእጅህ ገፍተህ ጨረቃዋን ስታገኝ ሞተሩ ይቀበልህና ይከተላታል።

ይህን ለመምረጥ ሳምንት ሙሉ ተጨቃጨቅሁ፣ አብዛኛውን ከራሴ ጋር። በእጅ የሚሠራው ይቀላል፣ አይበላሽም፣ ባትሪ አይለምንም። ግን አባቴ መነጽራቸውን አውልቀው ጎንበስ እስኪሉ ጨረቃዋ ትሄዳለች። ያ እህል ነጋዴም «አላየሁም» ለማለት መውጫ ያገኛል። እኔ የፈለግሁት መውጫ የሌለው ነገር ነው። ጨረቃዋ ታስራ ትቁም፣ ሁሉም በየተራ ይይ፣ ከዚያ ቀልድ የሚያመጣውን እናያለን። ሁለቱንም የያዘውን አዘዝሁ።

አባቴ አልወደዱትም። «ለእኔ ቃል ብረት ይመስክርለት ነው የምትለው?» አሉኝ። ሌላው እንዲያይ ነው እንጂ ለእርስዎ አይደለም ብዬ እሺ አሰኘኋቸው።

ዕቃው በአውቶቡስ መጣ። ግማሽ ጨረቃ ወጥታ በነበረ አንድ ምሽት ቤታችን በር ላይ ሞከርነው፤ መጀመሪያ በእጅ። አባቴ ጎንበስ አሉና «ሄደች» አሉ። ማዞሪያውን ነካሁ። «አሁንስ አባባ?» «ነበረች፣ ሄደች።» ማዞሪያውን ረገምኩት። ሞተሩን አበራሁት፤ ቀስ ብሎ መሥራት ጀመረ። አባቴ ረጅም ጊዜ ካዩ በኋላ «ነጭ ናት» አሉኝ። ደስ ብሎኝ ለሻጩ ደውዬ አመሰገንኩት። ጨረቃ ነጭ መሆኗን ለመናገር ማየት እንደማያስፈልግ ያኔ አልመጣልኝም።

ቀኑ ሲደርስ አባቴ፣ ኢማሙ፣ እህል ነጋዴው፣ ሁለት ሽማግሌዎችና እኔ በሁለት ባጃጅ ወደ ጉብታዋ ሄድን። ስንዴው ታጭዷል፤ ከጎባ ተራሮች የሚወርደው ነፋስ አጥንት ይሰብራል። እግሩን አስተካከልኩ፣ ፀሐይዋ ጨርሳ እስክትጠልቅ ድረስ ቱቦውን ሸፍኜ ጠበቅሁ። ከዚያ ፀሐይ ከገባችበት ትንሽ ከፍ አድርጌ ቱቦውን በእጄ ቀስ እያልኩ ገፋሁ። በዲንሾ በኩል ስስ ደመና ነበር። ከደመናው በላይ አገኘኋት። በሞተሩ አስያዝኳት።

መጀመሪያ የጠራሁት እህል ነጋዴውን ነው፤ አፉ እንዲዘጋ ፈልጌ። ጎንበስ አለና «ሱብሃነላህ!» አለ። ኢማሙ አዩ። ሽማግሌዎቹም አዩ፤ ቦታዋን ካወቁ በኋላማ በባዶ ዓይናቸውም አገኟት። ጨረቃዋ ካሰርኳት ቦታ ፍንክች አላለችም። አባቴን መጨረሻ ላይ የጠራኋቸው ለክብራቸው ብዬ ነው።

መነጽራቸውን አውልቀው ድንጋይ ላይ አስቀምጠው ጎንበስ አሉ። ቆዩ። ኢማሙ «አዩ ሐጂ?» አሏቸው። አባቴ ዓይናቸውን አነሱ፣ ጠረጉት፣ እንደገና ጎንበስ አሉ። ያኔ ገባኝ። ሱቅ ውስጥ የጨርቁን ቀለም እኔን መጠየቅ ከጀመሩ ስንት ጊዜያቸው ነው! ማቆሚያው በእጅ የሚሠራ ቢሆን ኖሮ «ሄደችብዎት» ብዬ እገባ ነበር፤ እሳቸውም «ሄደች» ይሉ ነበር። ያችን ቀዳዳ በገዛ እጄ ደፈንኳት። አፈርኩ፤ ያንን ሞተር ነቅዬ ገደል ብወረውረው በወደድኩ። ደግሞም «አየሁ» ማለት እኮ አንዲት ቃል ናት፤ ሁላችንም የምንጠብቀው እሷኑ ነው፤ ዓይናቸው ውስጥ ገብቶ የሚያረጋግጥ ማንም የለም።

አባቴ ቀና አሉ። «አላየሁም» አሉ።

ኢማሙ የተንሸራተተች መስሏቸው አዩና «እዚሁ ናት ሐጂ» አሉ።

«እናንተ መስክሩ። እኔ አላየሁም።»

እህል ነጋዴው ከድንጋዩ ላይ የአባቴን መነጽር አንስቶ በእጃቸው አስያዛቸው። «ዱጋ ኬሳን፣ ሐጂ» አለ፤ እውነቱ የእርስዎ ነው። ወደ ሽማግሌዎቹም ዞሮ፣ ቀልድ በሌለው ድምፅ፣ «ፊታቸው ቆማ አላየሁም ያሉ ሰው አምና ያላዩትን አየሁ አይሉም። ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። አባቴ አምና በእርግጥ ጨረቃዋን አይተው ይሁን ወይስ የደከመ ዓይናቸው አታልሏቸው፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። እንዳልዋሹ ግን ከዚያ ምሽት በኋላ የተጠራጠረ የለም። እኔ ያመጣሁላቸው ክብር አይደለም፤ እኔ ያመጣሁት ማፈሪያ ነበር፣ እሳቸው ናቸው የቀየሩት።

ሰዎቹ ወደ ምዕራብ ዞረው፣ አዲስ ጨረቃ ያየ ሰው የሚያደርገውን ዱዓ ለማድረግ እጃቸውን ዘረጉ። አባቴ እጃቸውን እንደጣሉ ቆሙ። ላላየ ሰው ይህ ዱዓ የለውም ብለው ይሆናል። ልደግፋቸው ተጠጋሁ።

«ቀጭን ናት?» አሉኝ ቀስ ብለው።

«በጣም ቀጭን ናት፣ አባባ።»

«ቀንዷስ?»

«ወደ ላይ ነው።»

«አንተ በዓይንህ አይተሃታል?»

«አይቻታለሁ።»

«ወላሂ በል።»

«ወላሂ።»

ያኔ እጃቸውን ዘረጉ።