«ደህና ናት» ያልኩት እኔ ነበርኩ

ነገሩ የሆነው አምና አዝመራው ሊደርስ ሲል ነው። ዓመት አልፎትም ንዴቱ አልወጣልኝም። እኔ ቁጡ ሰው አይደለሁም፤ ጎረቤት ይመሰክርልኛል። ይሄ ግን ከሆዴ አልወጣ አለ።

የምንኖረው ከመርሳ ወጣ ብሎ ነው። ባለቤቴ ዘይነባ ሰባት ወልዳልኛለች። ከመጨረሻው ልጅ ወዲህ «ምንሽን ነው?» ስላት «ወገቤን» ትለኛለች። ወጌሻ አምጥቼ አሳሽቻታለሁ። ውርጌሳ ድረስ ሄጄ ቅባት ገዝቻለሁ። እሷ ግን ሠርግ ቤት መሄድ ተወች፣ ሶላቷም ተቀምጣ ሆነ። ለአንድ ሶላት ሦስት ጊዜ ውዱእ ስታደርግ አይቼ «ሴትዮ፣ ውሃውን ጨረስሽው እኮ!» ብዬ የቀለድኩበት ቀን አለ። ምነው ያን ቀን ምላሴን በቆረጠው።

አንድ ጠዋት አንድ ወጣት ታብሌት ይዞ መጣ። «ከጥናት ነው፣ አባባ» አለ። እኛ አገር ጥናት ከተባለ የሲሪንቃ የእህል ጥናት ነው፤ ማሽላዬን ላሳየው ተነሳሁ። ሳቀና «የሴቶችን ጤና ነው የምናጠናው» አለኝ።

እንግዳ ነውና መደብ ላይ አስቀመጥኩት። እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ። ዘይነባ በሩ ጥግ ቆመች። ልጁ ታብሌቱ ላይ እንዳቀረቀረ «እማማ፣ የማህፀን መውጣት ችግር አለብዎት?» አላት። ሻሿን ወደ አፏ ሳበችና ዝም አለች። ዝምታው ሲረዝም አፈርኩ። እንግዳውን ላሳርፈው ብዬ «አልሀምዱሊላህ፣ ደህና ናት። ወገቧን ብቻ ነው» አልኩ። ልጁ ነካ ነካ አደረገና ቀጠለ። ሽንት ያመልጥዎታል ወይ አለ። እሱንም እኔው «አልሀምዱሊላህ» አልኩለት። መርቄ ሸኘሁት።

ከወር በኋላ የጤና ኤክስቴንሽኗ በዚያ ጥናት ችግር ተገኝቶባቸው ወልድያ ሄደው የሚታከሙትን ሴቶች ስም አነበበች። ጎረቤታችን ሀሊማ አለችበት። ዘይነባ የለችም። ቤት ስንገባ አለቀሰች። ዘይነባ ስታለቅስ ያየሁት እናቷ የሞተች ቀን ብቻ ነው።

«ሀሊማ ምን ሆና ነው?» አልኳት።

«እኔ የሆንኩትን ነዋ።»

«ያንቺስ ወገብሽ አይደል?»

«ወገቤ ነው እንጂ ምን ልበል? ማህፀኔ ነው የወጣው፤ ሽንቴንም አልይዝም። ሃያ ዓመት ሆነው።»

«ታዲያ ለልጁ አትነግሪውም?»

«አንቱ ተቀምጠው? ደሞስ መቼ ተጠየቅሁና! አንቱ አይደሉ የመለሱት? ሀሊማ ባሏ ሞቷል፤ የሚመልስላት የለም። እድሏ ነው።»

ይችን ስሰማ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

በማግስቱ ይዣት ወልድያ ሆስፒታል ሄድኩ። ጥናቱን የሚመራው ሰውዬ ኮምፒውተሩን አየና «አባባ፣ ችግር የለባቸውም ነው የሚለው። ራሳቸው ናቸው የመለሱት» አለኝ።

«የመለስኩት እኔ ነኝ» አልኩት። «እኔ ደግሞ ማህፀን የለኝም፣ ልጄ።»

ወረፋ የያዙት ሴቶች ሳቁ። እሱ አልሳቀም። «መረጃው ተዘግቷል፤ አሁን አይቀየርም» አለ።

ያኔ ደሜ ፈላ። «የሲሪንቃ ሰዎች ማሽላ ሲያጠኑ ማሳው መሀል ገብተው ዛላውን በእጃቸው ይዘው ነው የሚያዩት። ከአጥር ውጭ ቆመው ‹ማሽላህ ደህና ነው?› ብለውኝ አይሄዱም። ሚስቴ ከማሽላ አነሰች?» ብዬ ጮህኩ። ቢሮ ገብቼ ስጮህ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው።

ጩኸቴን ሰምታ አንዲት ሲስተር ከጎን ክፍል ወጣች። ምንም ሳትጠይቀኝ የዘይነባን እጅ ያዘች። ልከተል ስል «አባባ፣ እርስዎ ውጭ ይቆዩ» ብላ በሩን ዘጋችብኝ። በር ተዘግቶብኝ ደስ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው። አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ግን አረርኩ። ያ ልጅ ይችን አንዲት ቃል ቢለኝ ምን ነበረበት? ተነስቼ እወጣ ነበር እኮ!

ዘይነባ ኦፕራሲዮን ተደረገች። ዛሬ በአንድ ውዱእ ቆማ ትሰግዳለች። የሀሊማ ልጅ ሠርግ ላይም ከቀትር እስከ ማታ ተቀምጣ ዋለች።

እኔ ግን አልበረደልኝም። ልጁንም እወቅሳለሁ፣ አለቃውንም፣ ራሴንም። በዚያ ተዘግቷል ባሉት መረጃ ውስጥ ዛሬም «ዘይነባ ደህና ናት» ይላል፤ ቃሉ የእኔ ነው። ከመርሳ እስከ ውርጌሳ በሚስቱ ፋንታ «አልሀምዱሊላህ» ያለ ባል ስንት ይሆን? እነሱንስ ማን ሄዶ «ውጭ ቆዩ» ይበልልን?