የጾመኛ ሴሎች

በዚያ ሮመዳን ኦክላንድ ውስጥ አንድ ላቦራቶሪ የሙከራ ጊዜዬን እየጨረስኩ ነበር። የመጨረሻው ፈተና አንድ ምርመራ ብቻዬን ከጅምር እስከ ፍጻሜ መሥራት ነው፤ ከተበላሸ ወደ ሹፌርነቴ እመለሳለሁ። እናቴ ደግሞ መመለሴን ነበር የምትፈልገው። «በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል፤ ደህና እንጀራሽን ትተሽ የሰው ደም ስታማስዪ ትውያለሽ» ትለኛለች።

የፈተናዬ ቀን ጠዋት ደም ሊሰጥ የነበረው ሰው ቀረ። ነጭ የደም ሴሎች ላይ የምጨምረው መርዝ ተዘጋጅቷል፣ ለነገ አይቆይም። የእኔም ስም በደም ሰጪዎች መዝገብ ላይ ስለነበረ፣ ለምናውቃቸው ሸህ ደወልኩ። «ካላደከመሽ ጾምሽን አያፈርስም» አሉኝ። ክንዴን ዘረጋሁ።

መርዙ የመንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) ባክቴሪያ የሚያመርተው ነው፤ ሰው እንዳይጎዳ ተደርጎ ቀለም ተለጥፎበታል። መርዙ ሙሉ እያለ ቀለሙ አይታይም፤ ነጭ የደም ሴል ውጦ ሲቆራርጠው ብቻ አረንጓዴ ያበራል። ከደሜ የለየኋቸው ሴሎች ላይ ጨመርኩና ማይክሮስኮፑ ላይ ተተከልኩ። ጨለማ። ከግማሽ ሰዓት በኋላም ጨለማ። ወላሂ፣ ጾሜ ወደ እነሱ የተላለፈ መሰለኝ! ለአለቃዬ፣ ለአንዲት ረጋ ያለች አሜሪካዊት፣ ይህንኑ ነገርኳት።

«መዋጡ ቀላል ነው» አለች እየሳቀች። «ማድቀቁ ነው ጊዜ የሚወስደው። ታገሺ።»

ከዚያ አንድ ነጥብ በራ። ሌላም። ሴሉ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ከረጢቶች ተራ በተራ አረንጓዴ ሆኑ፤ በውስጣቸው ያሉት አሲድና ኢንዛይም መርዙን ሲከታትፉት በዓይኔ በብረቱ አየሁ። «ማሻአላህ! ብሉ!» ብዬ ጮህኩ። የእኔ ጉሮሮ ደርቋል፣ እነሱ ግብዣ ላይ ናቸው! ደስታው አላስቀምጥ አለኝ። አለቃዬም ጎንበስ ብላ አየችና «ሰኞ ቋሚ ሠራተኛ ሆነሽ ትመጫለሽ» አለችኝ።

ለማፍጠሪያ ሳን ሆዜ፣ እናቴ ቤት ደረስኩ። ቴምሩን ሳልጎርስ የቀረጽኩትን ቪዲዮ ደቀንኩባት።

«እማ፣ ፐርማነንት አደረጉኝ! ይሄ የእኔ ደም ነው!»

«በጾም ደምሽን ሰጠሽ? አበድሽ?»

«ሸሁን ኮል አድርጌ ጠይቄ ነው። እዪው፣ የመንጋጋ ቆልፍን መርዝ እየቆራረጠው ነው።»

ቪዲዮው ሲያልቅ እንደገና እንድከፍትላት በጣቷ አሳየችኝ። እኔ ከመወለዴ በፊት የሞተ ወንድም እንደነበረኝ አውቃለሁ፤ በምን እንደሞተ ግን ነግራኝ አታውቅም።

«መንጋጋው ሲገጥም ገና ሰባት ቀኑ ነበር» አለች።

ከዚያ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰበሰበች።

«ሰኞ ስትሄጂ የእኔንም ይውሰዱ።»