ከእጅ ሻንጣው የወጣው መዝገበ ቃላት

የልጅ ልጄ ሄለን ትናንት የሰው መመዘኛውን ሚዛን ሳሎን አምጥታ የእጅ ሻንጣዋን ስትጭንበት፣ ስታወርድ፣ ስታወጣ፣ ስታስገባ ዋለች። ለትምህርት ውጭ አገር ልትሄድ ነው። «አባባ፣ ሰባት ኪሎ ብቻ ነው የሚፈቅዱት፤ በቃ ጨነቀኝ!» አለችኝ። በመስኮት ወደ ካዛንቺስ ተመለከትኩ። የድሮው ግቢያችን ፈርሶ መንገድ ወጥቶበታል። እኔም የወንድሜን ሻንጣ ያሰናዳሁት እዚያ ነበር።

ስለ ሻንጣ እኔን የሚያስተምር ሰው የለም። አባቴ ሲሞት ከአምስተኛ ክፍል ወጥቼ ጋራዥ ገባሁ። እንግሊዝኛን ያለ አስተማሪ፣ ከአንድ ወፍራም መዝገበ ቃላት ብቻ ተማርኩ። በጋራዡ ውስጥ የሞተር መመሪያ አንብቦ የሚያስረዳ ከእኔ በቀር አልነበረም፤ አለቃው ራሱ እየመጣ ይጠይቀኝ ነበር። ታናሽ ወንድሜን ግርማን ከደሞዜ ከፍዬ ያስተማርኩትም እኔ ነኝ። ህንድ አገር የትምህርት ዕድል ሲያገኝ ያንን መጽሐፍ ሰጠሁት። እኔ ያልደረስኩበት ክፍል ውስጥ እሱ ሲቀመጥ መጽሐፌ አጠገቡ እንዲሆን ፈለግሁ። ሌላ ምንም አልጠየቅሁትም።

መስከረም ገብቶ ነበር፤ ግቢው ግን ገና ጭቃ ነው። ትልቁ ሻንጣ ሞልቷል። ለእጅ ሻንጣ የተፈቀደው አምስት ኪሎ ነበርና እህል ነጋዴው ጋሽ ከድር ሚዛናቸውን አዋሱኝ። ቅያሪ ልብሱን፣ መዝገበ ቃላቱን፣ ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች እዚያው ለሚማረው ልጃቸው የላኩትን በሶ አስማምቼ ደረደርኩ። የሚዛኑ ሁለት ሳህኖች እኩል ቆሙ።

«አንተ ነጋዴ መሆን ነበረብህ» አሉኝ ጋሽ ከድር። እውነታቸውን ነው።

በማግስቱ ጠዋት እናቴ ለግርማ ፍርፍር በእጇ አጎረሰችውና በታክሲ ሄድን። ወሎ ሰፈርን ስናልፍ ዝናቡ ጀመረ።

አውሮፕላን ማረፊያው ስንደርስ ትልቁ ሻንጣ አለፈ። የእጅ ሻንጣው ግን ከስድስት ኪሎ በላይ ሆነ።

«ሚዛናችሁ ተበላሽቷል» አልኩት ሠራተኛውን።

«ጌታው፣ ይቀንሱ። ሰው እየጠበቀ ነው።»

ስከፍተው በነጠላ ቁራጭ የተጠቀለለ ጠርሙስ ከልብሱ መሃል ተወሽቋል። «እማዬ፣ ምንድን ነው ይሄ?»

«ጠበል ነዋ! ደረቱን ታውቅ የለ? የእግዜር ውሃ ደግሞ ይመዘናል እንዴ?»

«እሺ፣ እዚሁ ይጠጣውና ይሂድ።»

«ፍርፍር በልቶ? በስመ አብ! ምን ነካህ አንተ?»

ከኋላችን አንዱ ሳቀ። «እንግዲያው በሶው ይቅር» አልኩ።

«የሰው አደራ ጥዬ ልጃቸውን በምን ዓይኔ አየዋለሁ?» አለ ግርማ። ጎንበስ አለና ጠርሙሱን ወደ ጎን አድርጎ መዝገበ ቃላቱን አወጣ። በሁለት እጁ ሰጠኝ።

«ጋሼ፣ አንተ መቼም ይገባሃል።»

«በእጅህ ያዘው» ብዬ መልሼ ዘረጋሁለት። ሠራተኛው በእጅ የተያዘም ይቆጠራል አለ። ግርማ ስሞን ገባ።

ስንመለስ እናቴ ታለቅስ ነበር። መጽሐፉ ጉልበቴ ላይ ነበር፤ ዓይኔን ስጠርግ አይታ «አይዞህ፣ ይመጣል» አለችኝ። ለእሱ ያለቀስኩ መስሏት ነው።

ግርማ መሐንዲስ ሆኖ መጣ። እንግሊዝኛው ከእኔ ይበልጣል፤ ይህን ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ሰው ሁሉ ወንድሙን አስተማረ እያለ ሲያመሰግነኝ ደስ ይለኛል። ግን እሱ ሲናገር በሰማሁ ቁጥር አንዱም ቃል ከመጽሐፌ እንዳልተገኘ ትዝ ይለኝና አንድ ነገር ይጎረብጠኛል። ለእሱ ነግሬው አላውቅም።

«አባባ፣ እስቲ ይንገሩኝ፤ የቱን ላውጣ?» አለችኝ ሄለን።

መልሱን ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። በመጨረሻ የሚወጣው ከባዱ ዕቃ አይደለም፤ ባለቤቱ አይቀየምም ተብሎ የታመነበት ነው። ልጅን በመንገዷ ዋዜማ እንዲህ አይሏትም።

«ከባዱን ጫማሽን ተጫሚው» አልኳት።